የአቶ ዘውዱ ሰርቪስ

በቀደም ከወልድያ ወደ መርሳ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ገና አዲስ ነበር። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ላስቲኩን ስታግለው የሚያፍን ሽታ መኪናውን ሞላው፤ አፍንጫዬን ይዤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መኪና የማይስማማኝ መስሏቸው ከቦርሳቸው ሎሚ አውጥተው ሰጡኝ። አመስግኜ አሸተትኩት። ወደ መስኮቱ ያዞረኝ ግን መኪናው አልነበረም። አቶ ዘውዱ ነው።

አቶ ዘውዱ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። በልጅነቴ “ጋሼ” እያልኩ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ዛሬ አድጌ ካገኘሁት መብት አንዱ እሱን “እሱ” ማለት ነው። ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ጠመኔና መጥረጊያ ሲቆልፍ የኖረ ሰው ነው። ከየገጠሩ ወደ መርሳ ሁለተኛ ደረጃ የሚመላለሱ ልጆች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ መንገዱ እየራቀባቸው ትምህርት ማቋረጥ ሲያበዙ ወረዳው ከበጀቱ ቀንሶ አንድ መለስተኛ አውቶቡስ መደበ፤ እሱንም አስተባባሪ አደረጉት። በሳምንቱ ካኪ ኮት አሰፋ። የደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰካ፤ አንገቱ ላይ የስፖርት አስተማሪ ፊሽካ አንጠለጠለ። የወንበሮቹንም ላስቲክ ማንም እንዳይገፍፍ አዘዘ።

“የመንግሥት ንብረት ነው! በላባችሁ ልታበላሹት ነው?” ይለን ነበር።

በዚያ የመርሳ ሙቀት ቀሚሳችን ከላስቲኩ ጋር እየተጣበቀ፣ በተነሳን ቁጥር እየተላቀቀ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላለስን። ላስቲኩ ከእኛ የበለጠ ክብር ነበረው።

ደንቡ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ የራቀ ልጅ ይሳፈር የሚል ነበር። ማን ሩቅ እንደሆነ የሚወስነው አቶ ዘውዱ ነው፤ የሚለካውም ከመኪና ሳይወርድ ነው። በኮረኮንቹ መንገድ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ቆጣሪውን እያየ፣ በየደጁ እየቆመ ጻፈ። ቤታችን መንገድ ዳር ስለነበር ስሜ ተጻፈ። የከድጃ ግን አልተጻፈም።

ከድጃ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ናት። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ፣ ከጉብታው ጀርባ ነው። እኛ ደጅ ለመድረስ ብቻ አንድ ሰዓት ትጓዛለች፤ ከእኛ ደጅ እስከ መርሳ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ዝርዝሩ በቀበሌው ግቢ ሲነበብ እናቷ እትዬ ሀዋ ልጃቸውን አስከትለው መጡ።

“ጌታው፣ የኔ ልጅ ስም አልተጠራም” አሉት።

“ቤትሽ የት ነው?”

“ከወንዙ ማዶ ነው።”

“መኪና ይደርሳል?”

“ኧረ አይደርስም።”

“መኪና ካልደረሰ ታዲያ በምን ልለካው? ያልተለካ ርቀት አይመዘገብም።”

እትዬ ሀዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “አላህ ይስጥዎ፣ በእግርዎ ይምጡና ይዩት። ወተት ጠጥተው ይመለሳሉ።”

“እኔ የመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ፤ ሽርሽር አልመጣሁም” አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

እሳቸው አንቱ ሲሉት እሱ አንቺ እያላቸው ነበር። መኪና የማይደርስባቸው የማዶ ልጆች ሁሉ፣ ማለትም በጣም ሩቅ የሆኑት በሙሉ፣ ሩቅ አይደሉም ተብለው ቀሩ። እንዲህ ያለ ድንቁርና ለብቻው ምንም አያደርግም፤ አጠገቡ ማኅተም ሲያገኝ ነው የሚከፋው።

አውቶቡሱ ግን ሞልቶ አያውቅም ነበር። በገበያ ቀን ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ የሚስቱ የሽንኩርት ጆንያ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ከመርሳ ገበያ ውለው የሚመለሱ ዘመዶቹ ይሳፈራሉ፤ ስማቸው ከየትኛው ዝርዝር ላይ እንደነበረ እንጃ። ከድጃን መንገድ ላይ ስንደርስባት ሾፌሩ ጋሽ ሰይድ ፍጥነት ይቀንሳሉ። አቶ ዘውዱ ፊሽካውን ይነፋል። አቧራችንን አልብሰናት እናልፋለን። መጀመሪያ ሰሞን እጇን ታነሳልኝ ነበር። እኔም አነሳላት ነበር። በኋላ ደብተር የምፈልግ መስዬ ወደ ቦርሳዬ ማጎንበስ ለመድኩ።

በሁለተኛው ዓመት ሰርቪሱን ሊያዩ ከዞን እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና አቶ ዘውዱ ከሩቅ የሚመላለስ ልጅ ቸገረው። አሳፍሮ የማያውቀውን ከየት ያምጣው? በዋዜማው ከድጃን መንገድ ላይ አስቆማት።

“ነገ ማልደሽ እዚህ ቁሚ። ፊት ወንበር ይዤልሻለሁ።”

በማግስቱ ከድጃ ሰማያዊ ሻሿን አስራ መጣች። ጉልበቷን ገጥማ፣ ላስቲኩን እንዳታቆሽሽ እየተጠነቀቀች፣ ከፊት ተቀመጠች። ትምህርት ቤት ስንደርስ ከእንግዶቹ አንዷ መነጽራቸውን አውልቀው፣

“እንዴት ነው የኔ ልጅ፣ ሰርቪሱ ጠቀመሽ?” አሏት።

“ጥሩ ነው፤ ግን ገና ዛሬ መሳፈሬ ነው” አለች ከድጃ። ተንኮል አልነበረባትም። ተጠየቀች፣ መለሰች።

እንግዳዋ ወደ አቶ ዘውዱ ዞር አሉ። እሱ ሳቅ ብሎ፣ “ልጅ ናት፤ ሰው ስታይ ደንግጣ ነው” አለ። እንግዶቹም ሳቁ። ፎቶ ተነሱ፣ ምሳቸውን በሉና ሄዱ። በማግስቱ ከድጃ በእግሯ ነበረች።

የአሥረኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በተጀመረበት ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ነበር። አውቶቡሱ እኛ ደጅ ቆሞ እኔ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ከድጃ እየሮጠች ደረሰች። ከላይ በኩል ዞራ ነው የተሻገረችው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። በሩን ያዘች።

“ጋሼ፣ ዛሬ ፈተና ነው።”

“ስምሽ አለ?”

“ወንዙ ሞልቶ ነው የዘገየሁት . . .”

“ስምሽ አለ ወይ ነው ያልኩሽ።”

ጋሽ ሰይድ መሪያቸውን ለቀቁ። “ኧረ አላህን ይፍሩ! ሦስት ወንበር ባዶ ነው እኮ።”

“አንተ ሥራህን ሥራ! ካልፈለግህ ነገ ሌላ ሾፌር ይመጣል” አላቸውና ወደ እኛ ዞረ። “ያዘናችሁላት ካላችሁ ውረዱና አብራችኋት ሂዱ። በሩ ክፍት ነው።” ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበር።

ጋሽ ሰይድ የአምስት ልጆች አባት ናቸው፤ ማርሹን አስገቡ። እኔ ደግሞ የጫማዬን አፍንጫ እያየሁ ተቀመጥኩ። ብወርድ ኖሮ ሁለታችንም እናረፍድ ነበር። ለራሴ ይህን ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳመነኝም። አቶ ዘውዱን መናቅ ቀላል ነው። ያን ጠዋት ግን በሩን ከፍቶ ሲያየኝ የሚያየው ማንን እንደሆነ በደንብ ያውቅ ነበር።

ከድጃ ስትደርስ የፈተናው በር ተዘግቷል። የመጀመሪያው ፈተና አመለጣት፤ ውጤት ሲመጣም ያው ጉድለት ጣላት። በዓመቱ ዳሯት። አቶ ዘውዱ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። አውቶቡሱ ብዙ ሳይቆይ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን ለስብሰባ ማመላለስ ጀመረ፤ ስለ ተማሪዎቹ የጠየቀ የለም።

ባለፈው ዓመት አቶ ዘውዱ ሞተ። እናቴ “ለቀብር ቂም አይያዝም” ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ “የተማሪዎች አባት” ተባለ። ሳቄ ሲመጣ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ፤ ጎኔ የቆሙት ሴት ያለቀስኩ መስሏቸው ትከሻዬን ያዙኝ።

በቀደም ያ ሚኒባስ መርሳ ሲያወርደኝ እናቴን ልጠይቅ ወደ ገጠር የምሄድበት ባጃጅ ያዝኩ። ከድጃ አስፋልቱ ዳር ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች። ልክ መደቧን እየዘጋች ነበር፤ ሴት ልጇ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች አጠገቧ ቆማለች። ተሳሳምን፤ የእናቴን ጤና ጠየቀችኝ።

“ግቡ፤ አብረን እንሂድ፤ ለሦስት ይበቃል” አልኳት።

ከድጃ ልጅቷን ደግፋ ከጎኔ አስቀመጠቻት። ሁለት ማንጎ ጭኔ ላይ አኖረችና ወደ ኋላዋ ፈቀቅ አለች።

“እሷን እናንተ ደጅ አውርጂልኝ። እኔ እደርስባታለሁ።”

“ነይ እንጂ ከድጃ፣ ቦታ አለ እኮ።”

“ሂዱ፣ ሂዱ፤ ይመሽባችኋል” አለች እየሳቀች።

ባጃጁ ተነሳ። ዞሬ ሳያት ቅርጫቷን አዝላ የመንገዱን ዳር ይዛለች። ልጅቷ ፊቴን አይታ ኖሮ እጄን ነካ አደረገችኝ።

“አይዞሽ” አለችኝ፤ “እማዬ መኪና አትወድም።”