ያልተላጠው እንቁላል

ታክሲ ወረፋ ላይ ከጎኔ የቆመችው ሴት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበረች። ፊቷ ፈክቶ ስላየሁ "ምን ተገኘ እህቴ?" አልኳት።

"በሽተኛዬ በላልኝ!"

ሰውዬው "ምግቤን መርዘውታል" ብሎ እህል አልቀምስ ካለ ሰንብቶ ነበር። ሰውነቱ ስላለቀ ሐኪሙ በቱቦ ሊመግበው ነበር። እሷም አዝና የተቀቀለ እንቁላል ልጣ ብታቀርብለት ጭራሽ ፊቱን አዞረባት።

"ለካ የሚፈራው ሰው የነካውን ነው! ዛሬ ከነቅርፊቱ ሰጠሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ራሱ ላጠው፣ አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ግማሹን ቆርሶ 'መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ' አለኝ።"

"ቀመስሽ?"

"እንዴታ! ጠብቆ ጠብቆ አለመሞቴን ሲያይ የቀረውን ዋጥ አደረገው።"

ታክሲዋ መጣ። ገብታ በመስኮት ብቅ አለችና "ነገማ ሁለት ነው የማስቀቅለው፤ እኔም እኮ ቁርስ ሳልበላ ነው የምገባው!" አለችኝ።