ያደረ አርማታ

እኛ ጋ፣ በላይ ጋይንት ደጋ፣ ምንጩ ያለው ገደል ሥር ነው። ወገቤን ከታመምኩ ወዲህ ጀሪካኑ ወደ ልጄ ጀርባ ዞረ። ንፋስ መውጫ ከተማ ትማር የነበረችው ልጅ ትምህርቷን ትታ ቤት ቀረች። «ውሃ ደጃፍሽ ላይ ከተገኘልሽ እመለሳለሁ፣ እማ» ትለኝ ነበር። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም የአርማታ ገንዳ ላሠራ የተነሣሁት ለዚህ ነው። ላሜን ከነጥጃዋ ሸጥኩና ሲሚንቶ ገዛሁ።

ግንበኛው ከከተማ መጣ። ወጣት ነው፤ ሥራውን ሲያስረዳ ግን ዳዊት የሚያስቆጥር መሪጌታ ይመስላል።

«አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። መጀመሪያ በደረቁ አገላብጡት፣ መልኩ አንድ እስኪሆን። ውሃ ላይ ደግሞ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ውሃ የበዛበት አርማታ ውሃ አይዝም።»

እኔ እንደሆንኩ ጨዋታ ወዳጅ ነኝ፤ እንደ ተረት በቃሌ ያዝኩት።

የደቦው ቀን ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወለሉን በጠዋት ሞልተን፣ የግድግዳውን ድብልቅ በደረቁ አገላብጠን እንደጨረስን የግንበኛው ስልክ ጮኸ። አክስቱ አርፋ ኖሯል።

«እንዳለ ሸፍኑት። እኔ ሳልመጣ ውሃ እንዳይነካው!» ብሎን ወደ ለቅሶው ገሰገሰ።

ይሄኔ ያባቴ ወንድም ተነሡ። በሰፈራችን የሳቸው እጅ ያላረፈበት የጭቃ ቤት የለም። ጭቃ ደግሞ በእኛ አገር ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ ጠጥቶ ይሰነብታል፤ የሚመረገው ሲቦካና ሲሸት ነው።

«ደረቅ ያደረ ነገር ምን ይይዛል? ውሃ አጠጡትና ይብላላ» አሉ።

«ኧረ አያ፣ ግንበኛው እኮ...»

«ግንበኛሽ የትናንት ልጅ ነው፣ እታለም። የምትተኚበት ቤት የማን ሥራ ነው?»

«የእርስዎ።»

«ወድቆብሽ ያውቃል?»

«እንግዲያው ጌሾም ጣል ያድርጉበት፣ አያ!» አለ አንዱ ጎረቤት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ድብልቁ ልጄ ከገደሉ ያወጣችውን ውሃ ጠጥቶ፣ ጭድ ለብሶ አደረ።

ሲነጋ ክምሩ ድንጋይ ሆኗል። እንዳንተወው የዘር ወቅት ደርሷል፣ ደቦው ዳግም አይሰበሰብም፤ ሰማዩም ጠቁሯል። በዶማ ፈረካከሱት፣ ውሃ ጨምረው እንደገና አቦኩትና ለግድግዳው ቅርጽ በቆመው ሳንቃ መሃል ሞሉት። ሳንቃው ሲነሣ ለዓይን ያምር ነበር።

ግንበኛው ከለቅሶ ተመልሶ ግድግዳውን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ረገፈ።

«አርማታ እንደ ጭቃ አይብላላም፣ እትዬ። ውሃ ከነካው ወዲያው ነው የሚሞላ። አንዴ የጠጠረውን ሰብረው ቢያቦኩት ሁለተኛ አይያያዝም።»

«መጠገኛ የለውም?»

«አፍርሶ በአዲስ ሲሚንቶ መሥራት ነው።»

ሌላ ላም የለኝም። ያባቴ ወንድም ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ምን ልበላቸው? የምተኛበትን ቤት የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ከቆርቆሮው እየወረደ ገንዳውን ሲሞላው ልጄ እስከ ክርኗ እጇን ነክራ ሳቀች። ጠዋት ስንነሣ ውሃው በግድግዳው ሾልኮ አልቋል፤ ጓሮው ረግረግ ሆኗል።

ልጄ መስከረም ላይ የደንብ ልብሷን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። ያባቴ ወንድም ዛሬም ይመጣሉ፤ ጀርባቸውን ለገንዳው ሰጥተው ነው የሚቀመጡ። ስለ ልጄ ትምህርት እንኳ አይጠይቁኝም።

ገንዳው ውስጥ ጭድ እናስቀምጣለን። ልጄ አቀበቱን ስትወጣ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ተነሥቼ ልቀበላት ብል ወገቤ እንቢ ይላል።