ነጋድራስ ንፍሮ

ነጋድራስ ዲሪባ በእውነቱ ነጋድራስ አልነበሩም። የኬላ ሹም ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን በሬና ሙክት፣ ቅቤና ማር እየዳሰሱ ቀረጥ ያስከፍሉ ነበር እንጂ የትልቁ ገበያ ጌታ ሆነው አያውቁም። ሰው ግን ሲወድም ሲፈራም ማዕረግ አይሰስትምና «ነጋድራስ» አላቸው። መጀመሪያ «ኧረ አይደለሁም» ይሉ ነበር፤ በኋላ ማስተባበሉ ሰለቻቸውና ተዉት። ሚስታቸው አስቻለችም በዚሁ ማዕረግ ነበር የምትጠራቸው። «አንቱ ሰውዬ» ካለች ተቆጥታለች ማለት ነው፤ ያን ቀን ጃንጥላቸውን አንስተው ከቤት ይወጣሉ።

እኚህ ሰው ነፍስ ያወቁት በክፉ ቀን ነው። ከብት ሁሉ ሲያልቅ፣ አባታቸው ሞፈርና ቀንበር ሰቅለው መሬቱን በዶማ ሲቆፍሩ አይተዋል። ስለዚህ በሬ ሲያዩ ዓይናቸው ይለሰልሳል። ኬላ ላይም ገበሬ በሬ እየነዳ በመጣ ቁጥር «ለምን ትሸጠዋለህ?» ሳይሉ አያሳልፉትም ነበር። መልሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለአባቴ ተዝካር»፣ «ለእናቴ ተዝካር»። አንዱን «ለአባትህ ነፍስ ብለህ የልጆችህን ጉሮሮ ልትዘጋ ነው ወይ?» ብለው ለመኑት። አልሰማቸውም። በዓመቱ ያው ሰውዬ የሰው እንጨት ተሸክሞ በዚያው ኬላ ሲያልፍ አዩት፤ አላናገሩትም፣ እሱም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገረኛ የሆኑት። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ጃንጥላቸውን እየነቀነቁ «ለሙት ጸሎት! ለቀስተኛ ንፍሮ ይብላ! በሬው ይታረስበት!» ይሉ ጀመር። ቀሳውስቱ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ተዝካር የማይበላበት ወር ለእነሱ ሁለተኛ ሁዳዴ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ቀስ በቀስ ሰማቸው። ድሃው በተለይ ደስ አለው፤ «ነጋድራስ ከለከሉኝ» ብሎ ከይሉኝታ ያመልጣላ! ስማቸውም «ነጋድራስ ንፍሮ» ሆኖ ቀረ። አስቻለች መጀመሪያ ተናደደች፣ በኋላ ሳቀች፣ በመጨረሻ እሷም በሆዷ እንደዚያው ትጠራቸው ጀመር።

ጣሊያን ሲገባ ኬላው ከእጃቸው ወጣ። ብዙም ሳይቆይ «ና፣ ገበያ ተቆጣጠርልን» ተባሉ። «እግሬን ያመኛል፣ መቆም አልችልም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወታደር ባዩ ቁጥር ያነክሳሉ። አንዳንዴ ታዲያ እግር ይሳሳታሉ፤ አስቻለች በክርኗ ጎሸም አድርጋ «የቀኙ ነው የታመመው» ትላቸዋለች። ያን ጊዜ ሰው በቀልድ ነበር የሚኖረው፤ ባይቀልድማ በየቤቱ የጎደለው ሰው አያስቀምጠውም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ከቂርቆስ በላይ ያለው ሰፈር ሊፈርስ ነው ተባለ። ለጣሊያን ሹማምንት ቤት ይሠራበታል፤ ኋላ ካዛንችስ የተባለው ያ ነው። የአስቻለች እናት እማማ ስመኝ እዚያ ነበር የሚኖሩት። ወሬውን በሰሙ ማግስት ከዘራቸውን ይዘው ወረዱና ከአማቻቸው ፊት ተቀመጡ።

«ነጋድራስ፣ የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው» አሉ።

ነጋድራስ ደነገጡ። በቁም ሳሉ የራስን ተዝካር ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጅ የሌለው፣ የሚያስታውሰው የማይኖር ሰው ያደርገዋል። «ምን ነካዎት? ልጅዎ እያለች!»

«ልጄማ አለች። ጎረቤቴ ነው የሚበተነው። አንዱ ቄራ፣ አንዱ ወንዝ ማዶ ይወረወራል። እኔ በሰው ለቅሶ ስንገላታ ነው ያረጀሁት። ስሞት ማን ይመጣልኛል? አንድ ላይ ሳሉ ያልቅሱልኝ። በሬዬንም ለዚሁ ነው ያሳደግሁት።»

«በሬውንስ ተዉት፣ እማማ። ንፍሮ ይበቃል። በሬ ለእርሻ...»

«የት ይረስ? የጣሊያን በረንዳ ላይ?»

አስቻለች በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ባሏ ቃላቸውን ካጠፉ ሰፈር ይስቅባቸዋል፤ ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር ይባላል። በዚያ ላይ ጣሊያን ያለ ፈቃድ የተሰበሰበን ሰው ወስዶ ያስራል። ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ነጋድራስ ጣሊያኑ ሹም ቢሮ ድረስ በእግራቸው መሄድ አለባቸው፤ በደህና እግር ከታዩ «እንግዲያው ገበያው ይቆይሃል» መባላቸው ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን እናቷ ናት።

«አንቱ ሰውዬ» አለች። ሁለቱም ዞሩ። «ለእናቴ ካላስለቀሱላት እኔ ዕድሜ ልኬን ሳለቅስ እኖራለሁ።»

«በሬ የሚቆጠበው ለሚታረስ መሬት ነው» አሉ ነጋድራስ፤ ለራሳቸው የሚነግሩ ነበር የሚመስለው። ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። አስቻለች ከኋላቸው «የቀኙ ነው!» ብላ ጮኸች።

ቢሮው ውስጥ ቱርጁማኑ ታዲዎስ ነበር፤ የቂርቆስ ልጅ ነው። ጣሊያኑ ሹም ለለቅሶ ካልሆነ በቀር ስብሰባ አይፈቅድም ብሎ ነገራቸው።

«ለቅሶ ነው» አሉ ነጋድራስ።

«ማን ሞተ?»

«አማቴ።»

ታዲዎስ ጠዋት እማማ ስመኝን ጉልት ላይ በቲማቲም ሲከራከሩ አይቷቸዋል። ጉሮሮውን ጠራርጎ ተረጎመ። ፈቃዱ ተሰጠ። ነጋድራስ ከእግራቸው በቀር በምንም ዋሽተው አያውቁም ነበርና በድንጋጤ በሁለት እግራቸው አነከሱ፣ ደረጃው ላይ ተንከባለሉ፣ የቀኝ ጉልበታቸው ወለቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ እግር ተሳስተው አያውቁም።

በተዝካሩ ቀን በሬው ታረደ። ነጋድራስ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ አንዲት ጉርሻ ግን አማታቸው በእጃቸው አጉርሰዋቸው ዋጡ። የእማማ ስመኝ ጎረቤት ጀሚላ የእስላሙን ድስት ለብቻ ጥዳ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እማማ ስመኝ መደቡ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጠው ጥብስ እየበሉ የመጣውን ሁሉ ይመርቃሉ። ሰውም ጨዋታው ደርቶለት ሳለ ጣሊያኑ ሹም ታዲዎስን አስከትሎ ከበር ደረሰ።

«ሟቿ የታለች ይላል» አለ ታዲዎስ።

ፈጣኗ ጀሚላ ናት፤ ጋቢ አንስታ አሮጊቷን ከነጉርሻቸው መደቡ ላይ አጋደመችና ሸፈነቻቸው። ከዚያ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች፦

«ስመኝ የላይ ሰፈር የአጥሯ ጽጌረዳ፣
ደጇን ማን ይከፍታል ለመጣው እንግዳ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ከጋቢው ስር «ልጄንም ጥሪልኝ እንጂ» የሚል ሹክሹክታ መጣ። ጀሚላ የአስቻለችን ስም አነሳች። ያን ጊዜ አስቻለች ለማስመሰል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የእውነት ነበር። አጥሩን አየችው፣ የተወለደችበትን ጓዳ አየችው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አንዱም አይኖርም። ጎረቤቶቿንም አየች፣ ሁሉም እያለቀሰ ነው፤ በየቤቱ ያልተለቀሰለት ሙት ነበራ። ነጋድራስም ጃንጥላቸው ላይ ተደግፈው ተንሰቀሰቁ። ጣሊያኑ ባርኔጣውን አወለቀ። ታዲዎስ ጋቢው ስር የሚላመጠውን እያየ አማተበ።

«ቶሎ ቅበሩ ብሏል» አለ፤ ሲወጡም ወደ ነጋድራስ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ለእኔም ጥብስ አስቀምጡልኝ» አለ።

ሰው ከመበተኑ በፊት ነጋድራስ ሁሉንም አስማሉ። የትም ቢጣሉ፣ ማንም ቢሞት፣ የሰማ ለሌላው ይነግራል፤ እያንዳንዱም የራሱን ንፍሮ ይዞ ይመጣል። «በሬ አልኳችሁ፣ ንፍሮ አልኳችሁ፤ ሰውን ግን ረስቼው ኖሬያለሁ» አሉ። በሳምንቱ ሰፈሩ ፈረሰ። እማማ ስመኝ አስቻለች ቤት ገቡና ከአማቻቸው ጋር በየቀኑ መጨቃጨቅ ያዙ፤ ሁለቱም ከዚያ የተሻለ ጨዋታ አልነበራቸውም።

ነጋድራስ ቀድመው ሞቱ፤ ጣሊያን ሊወጣ ዓመት እንኳ ሳይቀረው፣ በክረምት፣ በሳንባ ምች። አርባቸው ሲደርስ አስቻለች ንፍሮ በትንሽ ድስት ጣደች። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ያስፈራል፣ ማን ይመጣል ብላ ነው።

መጀመሪያ የደረሰው የነጋድራስ ወንድም ሊካሳ ነበር፤ ከገጠር። በሬ እየነዳ ነው የመጣው።

«ለነጋድራስማ ንፍሮ ብቻ? ነውር ነው!» አለ።

አስቻለች ተወዛገበች። ባሏ እንደ ድሃ ሊታሰቡ ነው ወይ? እሺ ልትል ስትል እማማ ስመኝ የነጋድራስን ጃንጥላ አንስተው ዝናቡ ውስጥ ወጡና በሩን ዘግተው ቆሙ።

«ይሄ በሬ ለምንድን ነው?»

«ለተዝካር ነዋ፣ እማማ።»

«አያልፍም።»

«እርስዎ ራስዎ በቁምዎ በሬ አሳርደው የለም ወይ?»

«ለእኔ ብለው ቃላቸውን አጥፈዋል» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ግን የእሳቸውን አላጥፍም።»

አስቻለች ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ስትወጣ ከቄራ በኩል ጀሚላ ድስት ተሸክማ ስትመጣ አየች፤ ከኋላዋ ሌላ፣ ከእሱ ኋላ ሌላ። ከወንዝ ማዶ የመጡት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ታዲዎስም መጣ፣ ንፍሮው በወረቀት ተጠቅልሎ። እማማ ስመኝ እያንዳንዱን ድስት ከፍተው ንፍሮ መሆኑን እያዩ አሳለፉ።

ሊካሳ አመሻሹ ላይ በሬውን እየነዳ ተመለሰ። በሚቀጥለው ክረምት ጣሊያን ሄዶ ነበር፤ ሊካሳም በዚያ በሬ አረሰ።