እትዬና የተገነጠለው በር

ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል፤ ሰፈሩም እነሱን ተከትሎ እትዬ አላት። እናቷ ማታ ከክር ፋብሪካው እስክትመለስ፣ ሦስቱን ታናናሾቿን ቀኑን ሙሉ በር ዘግታ የምትይዘው እሷ ነበረች። የምትዘጋው ወዳ አይደለም። እናታቸውን ደብድቦ ታስሮ የነበረው አባታቸው ተፈትቷል፤ «ልጆቼን ነጥቄ እሄዳለሁ» እያለም ይዝት ነበር።

ሦስት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ማዋል ድመት የሞላ ጆንያ እንደመሸከም ነው። ወንበር ደርድራ አውቶቡስ ታደርግላቸዋለች፤ ሲሰለቹ ካልሲ ጠቅልላ ኳስ ትሠራለች፤ ሲቧጨሩ ትገላግላለች። በተናካሽነቱ «መንጋጋ» የተባለው የሦስቱ ትልቅ ደግሞ ሁልጊዜ ሹፌር ካልሆንኩ ባይ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ መንጋጋ መሪ ያደረገውን የድስት ክዳን አላስረክብም ብሎ ሲሟገት በሩ ተደበደበ።

«ክፈቺ፤ አባትሽ ነኝ።»

«እማዬ ስትመጣ ና።»

«እኔ ነኝ አንቺን ደጅ የምጠናው?»

ልጆቹን አልጋ ሥር ከተተቻቸው። በሩን በእርግጫ ሲለው መቀርቀሪያው ተገነጠለ። ክንዱን ሲያሾልክ በትከሻዋ ገፍታ በሩን ላዩ ላይ ጠረቀመችበት። አጓራ። ጉልበቱ ግን በለጣት፤ ገብቶ አፏን በቡጢ አላት። ጥርሷ ወልቆ ምላሷ ላይ ወደቀ። ፀጉሯን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር ያላጋት ጀመር።

ትንሿ አልጋ ሥር ስታለቅስ ሰማና እትዬን ለቆ እሷን በእግሯ ጎተታት። ይኼኔ መንጋጋ ወጥቶ ባቱን ነከሰው። አባትየው ልጁን አንጠልጥሎ ወረወረው፤ መንጋጋ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተላትሞ ጸጥ አለ።

እትዬ ዓይኗ ደም ለበሰ። ካውያውን ከጠረጴዛው አንስታ አናቱን አለችው። ተዘርሮም ደገመችው። ጎረቤታቸው አናጢው ደርሶ ከኋላ ጠፍሮ ያዛት።

«በቃ ልጄ፣ ትገድይዋለሽ።»

«ይሙት። ይልቀቁኝ።»

አልሞተም። አንድ ጆሮው ደንቁሮ ወደ እስር ቤቱ ተመለሰ። መንጋጋም ትከሻው ተሰብሮ ነበር፤ በጀሶ ታስሮ ዳነ። እናትየው የዚያን ዕለት ማታ የወለሉን ደም እያጠበች «ለእኔ የተሰነዘረ ዱላ አንቺ ላይ አረፈ» አለቻት።

አሁን የጎረቤት ልጆችም እሷ ዘንድ ይውላሉ። እናቶቻቸው «እንዴት ትችያቸዋለሽ?» ሲሏት ትስቃለች። ልጆቹ ሲያበሽቋት ግን እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ ንዴቷ እስኪበርድ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። ያ እጅ ምን እንደሚችል አይታዋለች።