ምሳ ዕቃው ሳይመጣ የቀረ ቀን

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሲያትል ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ከአንዲት ፍልስጤማዊት ጋር አንሶላ እናጥፍ ነበር። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን። ታናሽ እህቷን አገር ቤት ወታደሮች ወስደው አስረዋታል። እናቷ እስር ቤቱን ቢያውቁትም ገብተው እንዲጠይቋት አልተፈቀደላቸውም።

እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «ስንቅ ማን ያመላልስላታል?» አልኳት።

አልገባትም። «ከውጭ ምግብ አያስገቡም» አለችኝ። ይሄ ደግሞ እኔ አልገባኝም። የእኛ አገር እስረኛ ከቤት የሄደለትን ነው የሚበላው። በደርግ ጊዜ ታላቅ እህቴ ስትታሰር ምሳ ዕቃ የማመላልሰው እኔ እንደነበርኩ አስረዳኋት። እህቴን አያሳዩኝም። ዘበኛው ፊት ቀምሼ አስረክብና የትናንቱን እቀበላለሁ። ባዶ ከሆነ በሕይወት አለች ማለት ነው።

«ባዶ ካልሆነስ?»

ማድረቂያው ጨርሷል ብዬ ሸሸሁ። ቀኑን ሙሉ ያጠፍኩትን ስፈታ፣ የፈታሁትን ሳጥፍ ዋልኩ።

በማግስቱ ሩዝና ምስር በምሳ ዕቃ ይዛ መጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። «ብዪልኝ» አለች። ለምን እንደሆነ ስለገባኝ አልጠየቅኳትም። ስጨርስ ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። አንድ ቀን ክፉ ቁርጠት ይዞኝ ነበር፤ የዚያን ቀኑንም ምሳ ጠርጌ በላሁት። ትንሽ ቢተርፍ እሷ ምን እንደምትሆን ፈራሁ።

ከሳምንታት በኋላ ባዶ እጇን መጣች። ቦርሳዋን አየሁ፣ ጠረጴዛውን አየሁ፣ ምሳ ዕቃው የለም።

«እህትሽ ምን ሆነች?» አልኳት።

«እናቴ አየቻት» አለች። «በሽቦ አጥር ማዶ። በጣም ከስታለች። ድምጿ ግን ያው የራሷ ነው።» ከእናቷ ጋር በስልክ ስትላቀስ ምሳውን ሳትሠራ የሥራ ሰዓት ደርሶባት ነው። አቅፌያት አለቀስኩ። ደስ ብሎኛል፤ እንዲያ ስላስደነገጠችኝም ተናድጃለሁ።

አንሶላውን ዘርግተን ጫፍና ጫፉን ያዝን።

«ያንቺ እህትስ?» አለችኝ።

አሁን ልነግራት እችላለሁ።

«ምሳ ዕቃው ሁልጊዜ ባዶውን ነበር የሚመለሰው» አልኳት። «አንድ ቀን ዘበኛው የትናንቱን ባዶ ሰጠኝና የዛሬውን አልቀበልም አለ። ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አለኝ።»