ከሰዒድ ጀርባ የበራው መብራት

እዚህ ዓረብ አገር፣ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ዓርብ ቀን ነው። በዚያው ቀን ጀማሪ የማይሠራውን ስህተት ሠራሁ፤ ያውም የሃያ ዓመት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ።

ማይክ ክፍት ሆኖ ስልክ መጮኽ የለበትም። ስለዚህ ደወሉን ዘጋሁ፤ ከስልክ ማዞሪያው ሽቦ ስቤ፣ ሪሌ በምንላት ትንሽ ማብሪያ በኩል ከቀይ መብራት ጋር አገናኘሁ። ጥሪ ሲገባ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በሩ ላይ ቆሜ በሞባይሌ ሞከርኩት። በራ! «አንተ ሽማግሌ፣ እጅህ አሁንም አለ» አልኩት ራሴን።

ሽቦ ለመቆጠብ ብዬ መብራቱን የሰቀልኩት ከአቅራቢው ወንበር ጀርባ ነበር።

አቅራቢው ሰዒድ ዓርብ ዓርብ ለአንድ ሰዓት በአማርኛ ስልክ የሚደውሉ ወገኖችን መልእክት ያስተላልፋል። ያን ቀን ብቻውን ተቀምጦ «ምነው ዛሬ ጠፋችሁ?» ሲል ቆየ። እኔ ታች ሻይ እየጠጣሁ ለዘበኛው ስለ ሙያዬ አወራለሁ።

ስርጭቱ ሲያልቅ ማዞሪያው የመዘገበውን አየሁ። ከአንድ የቤት ስልክ አራት ጊዜ ተደውሏል። መልሼ ብደውል አንዲት ማዳም አንስታ ዘጋችብኝ።

ግብፃዊው አለቃዬ መጣ።

«የት ሆነህ ነው የሞከርከው?»

«በሩ ላይ ቆሜ።»

«ሰዒድ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያቀርበው?»

መብራቱን ነቅዬ ከሰዒድ ፊት ለፊት ሰቀልኩት።

በሳምንቱ፣ ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል፣ መብራቱ በራ፤ ያው ቁጥር ነው። እኔው አነሳሁት። ደዋይዋ ዘይነብ ትባላለች፤ ሪቃይ የሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኛ ናት። ማዳሟ ስልክ የምትፈቅድላት ዓርብ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

«እህቴ አሕመዲ የሚባለው ከተማ ሰው ቤት ትሠራ ነበር አባባ። ስልኳን ማዳሟ ይዛባት ነበር፣ ግን ወጥ ቤት ሆና እናንተን በሬዲዮ ትሰማለች። ባለፈው ቅዳሜ አገር ቤት ልትገባ ነበር። እሷ ሳትሰማ እናታችን ሞተችብን።»

«ይህንን ልታስነግሪ ነበር?»

«መርዶ በሬዲዮ ይነገራል እንዴ? ‹ሳትሳፈሪ በእኔ በኩል እለፊ› በሉልኝ ልል ነበር። አቅፌ ልነግራት። አብረን ልናለቅስ።»

«አሁንስ?»

«ሄደች እኮ። ለእማዬ ጫማ ገዝታ ወሎ ገባች። ከደጅ ለቅሶ ተቀበላት።»

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት።

«እርስዎ ምን ያድርጉ፤ መብራቱ ነው» አለች።

«መብራቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ለእማዬ አንድ መንዙማ ያስከፍቱልኝ» አለች።

«በሚቀጥለው ዓርብ» ብዬ ቃል ገባሁ። ዓርብ ሳይደርስ የአማርኛው ፕሮግራም ተዘጋ። በዚያ ቁጥር ስደውል አሁንም ማዳም ናት የምታነሳው።

የጥሪ መብራት የሚሞከረው መብራቱን በሚያየው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ለዘይነብ ደግሞ አንድ መንዙማ ዕዳ አለብኝ።