ለሐዲድ የተገዛ ጎማ

ያኔ የምኖረው ውጭ አገር፣ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ነበር፤ ከልጄና ከባሏ ጋር፣ ከላይ ሲያዩት ሰው ጉንዳን የሚያህልበት ፎቅ ላይ። ልጄ ሆስፒታል ትሠራለች፣ ባሏ መጋዘን ይሠራል። ጠዋት ሁለቱም በሩን ዘግተው ሲወጡ እኔና ፍሪጁ እንቀራለን። እሱ ያጉረመርማል፣ እኔም አጉረመርማለሁ።

ለምን አልወጣም? እወጣለሁ። አሳንሰሩ ከሠራ ወርጄ ሕንፃውን እዞራለሁ፣ ከዚያ ጉልበቴ ይበቃሃል ይለኛል። ልጄ ሁልጊዜ “አባዬ፣ ሰብዌይ እኮ ደጃችን ነው” ትላለች። ደጃችን ነው፤ ግን መሬት ውስጥ ገብቶ፣ በባቡር ሄዶ፣ በሌላ ጉድጓድ መውጣት ለእኔ መንገድ መሄድ አይመስለኝም። ደግሞ ደረጃው!

ከሁሉም የሚቆጨኝ ጓደኛዬ ነበር። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ነው ያረጀነው። ሁለታችንም በሞተር ሳይክል ደብዳቤ እናመላልስ ነበር፤ እሱ በፍጥነት ይታማል፣ እኔ በግትርነት። እዚህ ሪጀንት ፓርክ የሚባል የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ነው የሚኖረው። እግሩ ከዳውና ቤት ዋለ። ያ ሰሞን ደግሞ ሪጀንት ፓርክን ማፍረስ ጀምረው ነበር። የእሱም ሕንፃ ተራው ደርሷል፣ ወዴት እንደሚወስዱት አያውቅም። በየቀኑ ይደውላል።

“መቼ ነው የምትመጣው? ጣሪያው ራሴ ላይ ሲወድቅ ነው?”

ስትሪትካሩ፣ መንገድ መሃል በሐዲድ የሚሄደው ባቡር፣ እኛ አጠገብ ካለው ሜይን ጣቢያ ተነስቶ እሱ ደጅ ድረስ ያደርሳል። አውቃለሁ። ግን የዚያን ጊዜው ስትሪትካር ደረጃው ረጅም ነበር። አንድ ቀን ጉልበቴ እዚያ ደረጃ ላይ ተቆልፎ ሹፌሩና አንዲት ሴትዮ በብብቴ ገብተው እንደ ጆንያ ጎትተው አወጡኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ከዚያ ወዲህ አልተሳፈርኩበትም፣ አልሳፈርበትምም። ልጄ በመኪና ልትወስደኝ ቃል ትገባለች፣ ከዚያ ተረኛ የሆነች ልጅ ትቀርና እሷን ይጠሯታል።

ሞተር ሳይክሉን ያገኘሁት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካፌ ደጃፍ ከሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ግሪክ ነው። እንግሊዝ የሠራው ነው፣ ልጄን በዕድሜ ይበልጣታል። ግሪኩ ዓይኑ ሲደክም ጋራዡ ውስጥ አቁሞት ኖሯል። “ካስነሳኸው ውሰደው” አለኝ በእጁ ጭምር እያስረዳኝ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ አስነሳሁት። ግሪኩ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ግን ሞተር ላይ እግሬን የማነሳው አንዴ ነው፣ ከተቀመጥኩ በኋላ ጉልበት ሥራ የለውም ብዬ እያሰብኩ ነበር።

የቀረው ጎማ ብቻ ነው። ጎማው አልቋል፤ ተበልቶ ሳይሆን ቆሞ ነው ያለቀው። ጎማ ዓመታት ሲቆም ይደርቅና ጎኑ እንደ ተረከዝ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ጎማ ምርመራ አያልፍም፣ ታርጋም አይሰጡትም። የልጄ ባል ጎማ ቤት ወሰደኝ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አጋደመልኝ።

አንደኛው ጥንት ከፋብሪካው ይዞት የወጣው ዓይነት ነው። የፊቱ ጎማ እንደ በሬ ትልም ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር አለው። እኔ ዕድሜዬን የነዳሁት በእሱ ነው። ሁለተኛው አዲስ አሠራር ነው። መስመሩ ወደ ጎን የተጠማዘዘ፣ ላስቲኩ ጥፍር ሲጫኑት ገባ የሚል። ያንን እዚያ ሞተር ላይ ማድረግ ለእኔ ሱፍ ለብሶ ሸራ ጫማ መጫማት ነው።

ሻጩ የት እንደምነዳ ጠየቀ። ሪጀንት ፓርክ አልኩት። የልጄ ባል እየተረጎመ “አባባ፣ ሐዲድ ባለበት ከሆነ ሁለተኛውን ይውሰዱ ነው የሚለው” አለኝ። “ባለ መስመሩ የሐዲዱን ስንጥቅ ይከተላል፣ መሪውን ከእጅዎ ይነጥቃል ይላል።”

እውነቱን ነው። ግን እሺ ማለት ከበደኝ። “አስብበታለሁ በለው” ብዬ ወጣሁ።

እሁድ ምሳ ላይ አፌ አላርፍ ብሎኝ ለልጄ አወራኋት። ባለ መስመሩ እንዲህ፣ ጥምዝምዙ እንዲያ፣ ሐዲድ እንዲህ ያደርጋል እያልኩ ሹካና ቢላ ደርድሬ አስረዳኋት። እሷ ከዚያ ሁሉ አንዱን ነገር ብቻ ነው የያዘችው።

“ቆይ አባዬ፣ ሊጥልህ ይችላል ማለት ነው?”

“ቀጥ ብለው ካላቋረጡት ይጥላል። በተለይ ዝናብ ከሆነ።”

ሳህኖቹን ሰበሰበች። እኔ ሞኙ የተስማማች መሰለኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመዋል። ፊት የቆሙት የልጄ የንስሐ አባት ናቸው፣ መስቀላቸውን ይዘዋል። ሁለተኛው ድሮ አሰብ መስመር ቦቴ ይነዳ የነበረ እኩያዬ ነው። ሦስተኛው አንድ ዝምተኛ ሰው፤ ሽማግሌ ሲላክ ቁጥር እንዲሞላ የሚመጣ ሰው ይኖራል አይደል፣ እሱ ነው። ወዲያው ገባኝ። ልጄ በገዛ አባቷ ላይ ሽማግሌ ልካለች። ወይ ጉድ! ሽማግሌ የሚላከው የተጣላ ለማስታረቅ፣ ልጅ ለመጠየቅ ነው። አባት ሞተር እንዳይነዳ ሲላክ ያየሁት ያን ቀን ነው።

“ግቡ፣ ተቀመጡ።”

“አንቀመጥም” አሉ ቄሱ። “መጀመሪያ እሺ ይበሉን።”

ይሄን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ። ስንት ባልና ሚስት አስታርቄበታለሁ። ወንበር ሲሰጡህ አትቀመጥም፣ እህል ሲቀርብልህ አትነካም። የቆመ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ እምቢ የሚል ሰው የለም፤ እሱም ይነሳል፣ ሲነሳ ይደክማል፣ ሲደክም እሺ ይላል። ስንቱን እንዲህ አድርጌ ጠምዝዣለሁ። ዛሬ በእኔ መጣ። ተነሳሁ። አራታችንም ሳሎን መሃል ቆምን። ጠረጴዛው ላይ ምሳ ቀርቧል፣ ልጄ ወጥ ቤት ናት።

“ምኑን ነው እሺ የምለው?” አልኩ።

“እሺ ይበሉንና እንነግርዎታለን።”

“ሳልሰማ እሺ አልልም።”

“ሽማግሌ አክብረው እንጂ።”

“አከብራለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ።”

የቦቴው ሹፌር አልቻለም። “አንተ ሰውዬ፣ እግራችን ሊገነጠል ነው እኮ! ወጡም ረጋ!”

“ማን ቁም አለህ? ወንበሩ ያው!”

“ተው፣ ተው” አሉ ቄሱ።

ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሞተሩን ሽጥ ሊሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እንዲያ ካሉኝ መልሴን ይዣለሁ፤ እንግዲያው እኔንም ከሞተሩ ጋር ሽጡኝ ልላቸው ነው። ቄሱ ጉልበቴን አዩት መሰለኝ መንገዱን ቀየሩ።

“ሞተሩን ይሽጡ አንልዎትም” አሉኝ።

ልቤ መለስ አለ። “ታዲያ?”

“ሐዲድ ባለበት መንገድ እንዳይነዱ፣ ሐዲድም እንዳያቋርጡ። ልጅዎ የለመነችን ይሄንን ብቻ ነው።”

“ይሄን ብቻ?”

“ይሄን ብቻ።”

“እሺ!” አልኩ።

እንዲያ ቶሎ እሺ ያልኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ቄሱ መስቀላቸውን ሰጡኝ፣ ተሳለምኩ። ልጄ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጥታ ጉልበቴን ሳመች። ተቀመጥን፣ ተባረከ፣ በላን። ሞተሬ ተርፏል፣ ሽማግሌም አላፈረም፣ ምን ቀረ ብዬ ጎረስኩ።

የቦቴው ሹፌር አፉን እንደሞላ “እንግዲህ ሪጀንት ፓርክ ቀረብሃ” አለኝ።

“ለምን ይቀርብኛል?”

“እንዴት ልትገባ? መንገዱ ሁሉ ሐዲድ ነው፤ ጄራርድ ሐዲድ፣ ደንዳስ ሐዲድ፣ ፓርላመንት ሐዲድ፣ ከታች ኩዊን ሐዲድ። ሰውዬህ እኮ መሃሉ ነው ያለው!”

ከተማውን በልቤ ዞርኩት። በሰሜን ብመጣ ሐዲድ፣ በምሥራቅ ብመጣ ሐዲድ። የትም ብዞር የምደርሰው ሐዲድ ጋ ነው። እሱን ዙሪያውን በብረት አጥረውታል፣ እኔን ደግሞ ከአጥሩ ውጭ በእሺታ አስረውኛል። ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። ውሃ ላምጣ ብላ ተነሳች። አስባበት ይሁን ሳታስብበት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ቃሉ ግን መስቀል ፊት ወጥቷል። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሆኜ ቃል ሲያጥፉብኝ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ።

ጎማ ቤቱ በማግሥቱ ተመለስን። ሻጩ ሁለቱንም እንደገና አወጣ። የልጄ ባል ደስ ብሎታል።

“አባባ፣ አሁን እኮ ሐዲድ ስለማይሻገሩ የወደዱትን መውሰድ ይችላሉ። ባለ መስመሩን።”

አነሳሁት። አሸተትኩት። አዲስ ጎማ ሽታው ደስ ይላል። መስመሩን በጣቴ ሄድኩበት። ለክሬሰንት ታውን ዙሪያ፣ ለደረቅ አስፋልት፣ ለእኔ ዓይነት ሰው ከእሱ የተሻለ የለም። መልሼ አስቀመጥኩት።

“ያኛውን” አልኩ።

“ለምን አባባ? አይወዱትም እኮ!”

“ዝም ብለህ ጫንልኝ።”

ባለ መስመሩን ብወስድ ሪጀንት ፓርክ ቀረ ብዬ መፈረሜ ነው። ይሄን እንዴት ብዬ ላስረዳው? የሸራ ጫማውን ይዤ መጣሁ።

ፓርኪንግ ውስጥ ራሴ ቀየርኩት። ሳሙና ቀብቼ፣ የውስጡን ጎማ መፈልቀቂያው ብረት እንዳይነክስብኝ ቀስ ብዬ፣ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ቸርኬው ላይ አስገባሁ። ምርመራውን አለፈ፣ ታርጋ መጣ። የመጀመሪያውን ቀን በቪክቶሪያ ፓርክ ጎዳና ወርጄ ዳንፎርዝን ያዝኩ። እንዴት ያለ ጎማ ነው! መሬቱን ጨብጦ ነው የሚሄደው። ወደ ጎን ሳጋድለው አይሸሽም። የናቅኩት ነገር እንዲህ ሲሆን ደግሞ ያናድዳል።

ሜይን መስቀለኛው ጋ ቀይ ያዘኝ። ከፊቴ ሐዲዱ ዳንፎርዝን አቋርጦ ወደ ጣቢያው ይገባል። ዝናብ ጠብ ብሎ ስለነበር ያብለጨልጫል። ከሐዲዱ ወዲያ ቀጥ ብሎ ብዙ መንገድ አለ። አረንጓዴ በራ። ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉብኝ። ወደ ዳር ወጣሁና ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት።

“የት ደረስክ?” አለኝ።

“ሜይን። ሐዲዱ ጋ።”

“እና?”

“ሐዲዱ ጋ ነኝ አልኩህ እኮ።”

“ሐዲድ ፈራህ?”

“ሐዲድ አልፈራም። ሽማግሌ ነው የፈራሁት።”

ሳቀ። ሲስቅ ያስለዋል። “ውረድና እየገፋህ አሻግረው። መንዳት እንጂ መግፋት አልከለከሉህም።”

“አላቋርጥም ብያለሁ። ቄሱ ሁለቱንም ዘግተውታል።”

“ብልህ ቄስ ናቸው።”

“በጣም።”

ከዚያ “እኔ በልጅህ ላይ ሽማግሌ ልላክባት” አለ።

“ማንን ትልካለህ? አንተ ከአልጋ አትነሳም።”

“በስልክ።”

“በስልክ ሽማግሌ የለም። የቆመውን ካላየች እንዴት እሺ ትላለች?”

“እሱስ ልክ ነህ” አለ። ቀጥሎ ቤቱን በሚመጣው ወር እንደሚያስለቅቁት፣ ስካርቦሮ ይሁን ሌላ ቦታ ገና እንዳልነገሩት አወራኝ። እንደ ዋዛ ነው ያወራኝ። ከዚያ ድምፁን ቀየር አድርጎ “እስኪ አሰማኝ” አለ።

“ምኑን?”

“ሞተሩን ነዋ!”

ጎንበስ ብዬ ስልኩን ማርሚታው አጠገብ ያዝኩለት። ነዳጅ ሰጠት አደረግኩ። መንገደኛው ያየኛል፤ ይይ። ብዙ ቆየሁ። ጀርባዬ እምቢ ሲለኝ ቀና አልኩና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

“ሰማህ?”

“ሰማሁ። ቆሞ ሲሠራ ትንሽ ያነክሳል። የካርቡሬተሩን አየር ጠበብ አድርግለት።”

“እሺ፣ ቤት ስገባ” አልኩት።

አንድ ስትሪትካር ሐዲዱ ላይ እየተንቋቋ አለፈ፤ ወደ እሱ ሰፈር የሚሄደው ነው። እስኪያልፍ ጠብቄ ሞተሩን ወደ ቤት አዞርኩ።